ጓሳ ላይ ሁለት ሌሊት፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለምትነሱ

ጓሳ ደርሼ መምጣቴን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ቀይ ቀበሮ አየሽ?» ብሎ ነው። አዎ፣ አይቻለሁ። ያየሁት ግን በደረስን ማግስት፣ ከሰዓት በኋላ ነው። አንድ ሌሊት ብቻ አድረን ጠዋት ተነስተን ቢሆን ኖሮ ጉምና ራስ ምታት ይዘን ነበር ደሴ የምንገባው። ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ባታነቡት እንኳ ይህቺን ያዙልኝ፦ ጓሳ ከሄዳችሁ ሁለት ሌሊት እደሩ። ደርሶ መልስ አታድርጉት።

ለማታውቁት፣ ጓሳ ያለው ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ነው። ከፍታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል፣ ስፋቱ ደግሞ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሚጠብቀው የአካባቢው ሕዝብ ነው፤ ማረፊያውም የሕዝቡ ነው። ሎጅ ሲባል መዋኛ ገንዳና አስተናጋጅ አይምጣባችሁ። ጥቂት ክፍሎች፣ አልጋ፣ ማብሰያ ቤት፣ እሳት የሚነድበት ቦታ፣ በቃ። ምግብ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ ራሳችሁ ሠርታችሁ ትበላላችሁ። ከበር ስትወጡ ሜዳው እዚያው ይጀምራል።

እኛ የሄድነው በታኅሣሥ 2011 ነው። ከዚያ ወዲህ መንገዱ የተዘጋበትም የተከፈተበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ከዚያ በኩል በቅርቡ የመጣ ሹፌር ፈልጋችሁ ጠይቁ፣ ማረፊያው እንግዳ እየተቀበለ መሆኑንም በስልክ አረጋግጡ። ዋጋ አልጽፍም። የዚያን ጊዜው ዋጋ ዛሬ ማንንም አይጠቅምም።

ሰባት ነበርን። እኔ፣ ባለቤቴና የ11 ዓመት ልጃችን፣ ጎረቤቶቻችን ባልና ሚስት ከ14 ዓመት ልጃቸው ጋር፣ እና ሹፌሩ።

ከመኪናው ልጀምር፣ ያናደደን እሱ ነውና። ሚኒባሱን የተኮናተርነው ደሴ፣ በአንድ ደላላ በኩል ነው። «ጓሳ ድረስ» ብለን በቃል ተስማማን፣ ቀብድ ከፈልን፣ አለቀ። ጣርማበር ደርሰን ከአስፋልቱ ወደ መሐል ሜዳ የሚገነጠለውን መንገድ ሲያይ ሹፌሩ መኪናውን አቆመና «ኮረኮንች አልተባልኩም» አለ። ግማሽ ሰዓት ያህል መንገድ ዳር ቆመን ተጨቃጨቅን። ደላላው ስልክ አያነሳም። ልጆቹ በብርድ እየተንቀጠቀጡ ነው። መጨረሻ ላይ ጨምረን ከፈልን። ሹፌሩ ላይ ሁሉንም ማላከክ አልፈልግም፤ እውነትም አልተነገረውም። እናንተ ግን ስትኮናተሩ በወረቀት ይሁን። ከጣርማበር በኋላ ኮረኮንች ካለ እሱ፣ መኪናው ሁለት ሌሊት እንደሚቆም፣ የሹፌሩ መኝታና ምግብ በማን እንደሆነ፣ ነዳጁን ማን እንደሚችል ይጻፍ። ትርፍ ጎማውንም በዓይናችሁ እዩት።

መንገዱ ራሱ ደስ ይላል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተን ሐረጎን ቁልቁል ወርደን ኮምቦልቻን በጨለማ አለፍን፣ ከሚሴ ቁርስ በላን። ከሚሴ ላይ ጃኬት ይወልቃል። ሸዋ ሮቢት ላይ መስኮት ይከፈታል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው፤ ደብረ ሲናን አልፋችሁ በጣሊያን ጊዜ ወደተቆፈረው የጣርማበር ዋሻ ስትወጡ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከቆላ ደጋ ትገባላችሁ። የኛ ጃኬቶች በሙሉ ሻንጣ ውስጥ፣ ሻንጣዎቹም ፖርቶ መጋላ ላይ በገመድ ታስረው ነበር። ከሹፌሩ ጋር ስንጨቃጨቅ ልጆቹ የተንቀጠቀጡትም ለዚህ ነው። ጃኬታችሁን ጉልበታችሁ ላይ ያዙ።

ስለ ብርዱ ረጋ ብዬ ልናገር፣ ደሴዎችን የሚያሳስተን እሱ ነው። እኛ ጦሳ ተራራ ሥር ስላደግን ብርድ የምናውቅ ይመስለናል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው። ጓሳ ከዚያ ቢያንስ 700 ሜትር ይበልጣል፤ ታኅሣሥ ደግሞ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ውርጭ የሆነበት ወር ነው። ባለቤቴ ጋቢ ይበቃኛል ብሎ ነው የመጣው። ጋቢ አይበቃም። ወፍራም ጃኬት፣ የሱፍ ኮፍያ፣ ጓንት፣ ለመኝታ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ካልሲ ያዙ። አዲስ መግዛት የለባችሁም፣ ከሰልባጅ ጥሩ ጃኬት ይገኛል። የቀን ፀሐዩም ቀላል አይደለም። ብርድ ስለሆነ አይታወቃችሁም እንጂ ፊት ያቃጥላል፣ ከንፈር ይሰነጥቃል። ቫዝሊንና ባርኔጣ አትርሱ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ፣ ይህን ለመጻፍ ያስነሳኝም እሱ ነው።

የመጀመሪያው ሌሊት ብርዱ ሲጠናብን ጎረቤቶቻችን የቡና ከሰላችንን ከነማንደጃው ወደ መኝታ ክፍላቸው አስገቡት። ደሴ ሁላችንም የምናደርገው ነገር ነው፤ ክረምት ላይ ቡና ከተጠጣ በኋላ ፍሙ እዚያው ቤት ውስጥ ይቆያል። ቤታችን ግን በርና መስኮቱ ቀዳዳ አለው፣ ሰው ይገባል ይወጣል። እዚያ በሩን ጥርቅም አድርገው፣ ብርድ እንዳይገባ ከሥሩ ጨርቅ ጎስጉሰው ተኙ። ሌሊት 8 ሰዓት ገደማ የልጁ ማስመለስ ነው የቀሰቀሰን። እናቱ ለመነሳት ስትሞክር እግሯ አልታዘዝ አላት። አባቱ «ከፍታው ነው፣ ያልፋል» እያለ ራሱን ይዞ ተቀምጧል። ባለቤቴ ገና በሩን ከፍቶ ማንደጃውን ሲያይ ገባው። ከሰል መቷቸዋል። ጎትተን አወጣናቸው፣ በረንዳ ላይ ብርድ ልብስ ደራርበንባቸው ንጹሕ አየር እየተነፈሱ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጡ። አላህ አተረፋቸው። ልጁ ባያስመልስ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ሳስበው አሁንም ሆዴ ይረበሻል።

ከሰል የሚገድለው በጭሱ አይደለም። ፍም ሆኖ፣ ጭሱ አልቆ፣ ቀይ ብሎ ሲታይ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ያልፋል። ጓሳ ላይ ደግሞ የሚያታልል ሌላ ነገር አለ። ከፍታው ራሱ ራስ ያሳምማል፣ ያቅለሸልሻል፤ የከሰሉም ምልክት ያው ነው። ስለዚህ ሰው «ከፍታው ነው» ብሎ ይተኛል። እባካችሁ፣ ከሰል የሚባል ነገር የምትተኙበት ክፍል አይግባ። መሞቅ ከፈለጋችሁ እሳት በሚነድበት ቦታ ሙቁና ለመኝታ ፍል ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ሞልታችሁ፣ በካልሲ ጠቅልላችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉ። ውሃውን ትንሽ አብርዱት፣ አለበለዚያ ጠርሙሱ ይኮማተራል። ሁለተኛውን ሌሊት እንዲያ አድርገን ሞቆን ተኛን።

የማገዶ ነገር ካነሳሁ፣ ባሕር ዛፉን መንገድ ላይ ካለ ከተማ ገዝታችሁ ግቡ። ከሜዳው ቁጥቋጦ አትስበሩ።

ምግብ ላይ ቀድመን መክረን ነበር፣ በዚህ አልተሳሳትንም። እኛ ጾመ ነቢያትን እየጾምን ነበር፣ ጎረቤቶቻችን ሙስሊም ናቸው፣ በዚያ ላይ ወሎ ላይ የሥጋው ነገር ይታወቃል፤ እኛ ካረድነው እነሱ አይበሉም፣ እነሱ ካረዱት እኛ አንበላም። አንድ ትሪ ለመቅረብ ሽሮ ነው መፍትሔው። ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ቲማቲም፣ ድንችና ቡና ይዘን ሄድን። እንጀራውን ለአንድ ቀን ተኩል ብቻ ነው የያዝነው፣ ከዚያ ድርቆሹን ፈትፍተን በላን።

ምስር ግን ባልወሰድነው። ውሃ እዚያ ከፍታ ላይ የሚፈላው ገና 90 ዲግሪ አካባቢ ሳይሞላ ነው፤ ሲንተከተክ ታዩታላችሁ እንጂ ሙቀቱ ደሴ የምታውቁት አይደለም። ምስሩ ከሁለት ሰዓት በላይ እሳት ላይ ቆይቶ አሁንም ጥርስ ላይ ኮረት ኮረት ይላል፣ ማገዶውን ግን ጨረሰው። ድንቹም ቀጭን ተደርጎ ካልተከተፈ አይበስልም። የተፈጨ ነገር ያዙ፣ ወይም ቤት አብስላችሁ ውሰዱ።

የማግስቱ ጠዋት እንዳሰብነው አልሆነም። ጎረቤቶቻችን አልጋ ላይ ናቸው፣ እኔም ራሴን እያመመኝ ነው፣ ውጭው ደግሞ ከገደሉ ሥር በተነሳ ጉም ተሸፍኖ አሥር ሜትር አያሳይም። ባለቤቴና ሹፌሩ መድኃኒትና ብርድ ልብስ ለመግዛት መሐል ሜዳ ሄዱ። መንዝ የበግ ፀጉር አገር ነው፤ ወፍራም ባና ገዝተው መጡ። እኔ ከልጄ ጋር በሩ ላይ ተቀምጬ ውሃ ጠጣሁ። የከፍታ ራስ ምታት ሲይዛችሁ ውሃ ጠጡ፣ ዳገት አትሩጡ፣ እረፉ። እየባሰ ከሄደና ሰውየው መራመድ ካቃተው ግን ወደ ቆላ ውረዱ እንጂ ነገ ይሻለዋል አትበሉ።

ጉሙ 5 ሰዓት አካባቢ ተነሳ። አስጎብኛችን የዚያው አገር ሰው ነው፣ ስድሳ ዓመት የሚሆነው፣ በርኖስ የደረበ ሽማግሌ። ልጄ ከተነሳንበት ጊዜ ጀምሮ «ቀበሮው የት ነው?» እያለች ነው። እኔም ብያለሁ። በርቀት መነጽር ሜዳውን ሳስስ ቆይቼ ደከመኝ።

«እህቴ» አሉኝ ሽማግሌው፣ «ቀበሮዋን አትፈልጊያት። ጭላዳውን ፈልጊና አርፈሽ ተቀመጪ። እሷ ራሷ ትመጣለች።»

ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። ጭላዳዎቹ ሌሊት ገደል ላይ ነው የሚያድሩት። ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣሉ፣ ቀኑን ሙሉ ሲግጡ ይውላሉ፣ ማታ ተመልሰው ወደ ገደሉ ይወርዳሉ። ከዝንጀሮና ከጦጣ ዘር ሁሉ ሳር ግጦ የሚኖር ጭላዳ ብቻ ነው። በቂጣቸው ተቀምጠው፣ ሳይነሱ ፎቀቅ እያሉ በሁለት እጃቸው ይነጫሉ። ቁጥራቸው ብዙ ስለነበር የሳሩ መነጨት ድምፅ ይሰማል፤ ቅጭ፣ ቅጭ፣ ቅጭ፣ ልክ ብዙ ሴቶች አንድ ላይ ተቀምጠው ጎመን እንደሚቀነጥሱ። ወንዶቹ ጎፈር አላቸው፣ ደረታቸው ላይ ፀጉር የሌለው ቀይ ቆዳ ይታያል። ከኛ ሃያ እርምጃ ራቅ ብለው ነበሩ። ተቀመጥን። ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት። የጎረቤቴ ልጅ ተሽሎት መጥቶ ስለነበር ከቆሎው ዘግኖ ሊወረውርላቸው ሲል ሽማግሌው እጁን ያዙት። «የሰው እህል ከለመደ ነገ ገብስ ውስጥ ነው የምናገኘው፣ ያኔ ገበሬው በድንጋይ ይለዋል» አሉት። ልጁ ቆሎውን ራሱ በላው።

10 ሰዓት ሊሆን ሲል መጣች።

ከጭላዳዎቹ ጀርባ፣ ከሳሩ መሐል። መጀመሪያ ውሻ መስላኝ ነበር። ቀጭን ናት፣ እግሯ ረዥም፣ አፍንጫዋ ሹል፣ ፀጉሯ ቀይ፣ ጉሮሮዋ ነጭ፣ የጭራዋ ጫፍ ጥቁር። አልሮጠችም፣ አላደባችም። ቀስ ብላ፣ እያየኋችሁ ነው በሚል አካሄድ፣ መሐላቸው ገባች። እኔ አሁን ይበተናሉ ብዬ ትንፋሼን ይዣለሁ። አልተበተኑም። አንዲት ጭላዳ ልጇን አዝላ ቀና ብላ አየቻትና ግጦሿን ቀጠለች። ቀበሮዋ ቆመች። ጆሮዎቿ ወደ ፊት ተተከሉ፣ አንገቷ ወደ ግራ ትንሽ ዘንበል አለ፣ አንድ የፊት እግሯ በአየር ላይ ቀረ። እንደዚያ ሆና ስንት ጊዜ እንደቆየች አላውቅም። ከዚያ ዘለለች፤ አራቱም እግሮቿ ከመሬት ተነስተው አፍንጫዋ ሳር ውስጥ ተተከለ። ቀና ስትል አይጥ ይዛለች። ሁለቴ አኝካ ዋጠቻት። ከአጥንቱ መሰበር ጋር ድምፁ ተሰማኝ። ልጄ ክንዴን ጨምድዳ ይዛኝ ነበር፣ የጥፍሯ ምልክት እስከ ማታ አልጠፋም።

ቀይ ቀበሮ በመንጋ ይኖራል፣ ሲያድን ግን ብቻውን ነው፣ የሚያድነውም አይጥና ፍልፈል ነው። ጓሳ ላይ ጭላዳዎቹን ለዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2015 ያወጡት ጥናት አለ። ቀበሮዋ በጭላዳዎች መሐል ሆና ካደነች ከመቶ 67 ጊዜ ይሳካላታል፣ ብቻዋን ስታድን ግን 25 ብቻ። ሽማግሌው ጥናቱን ጠቅሰው አይደለም የነገሩኝ፤ ልጅ ሆነው ከብት ሲጠብቁ ያዩት ነው። ለኛ ለጎብኚዎች ትርጉሙ ቀላል ነው። ሜዳውን እያቋረጣችሁ ቀበሮ ስታሳድዱ አትዋሉ። ጭላዳ ያለበት ሂዱ፣ ከሃያ እርምጃ አትቅረቡ፣ ተቀመጡ፣ ዝም በሉ። ለዚህ ነው ሁለት ሌሊት የምላችሁ፤ ለመቀመጥ ሙሉ ቀን ያስፈልጋል።

በዓለም ላይ የቀሩት የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም። ሁሉም እኛ አገር ነው ያሉት፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ። ጥቂቶቹ የኛው ወሎ ቦረና ሳይንት ላይም አሉ። ትልቁ ጠላታቸው ከውሻ የሚመጣ በሽታ ነው፤ ከእብድ ውሻ በሽታ አንድ መንጋ ሙሉ ያልቃል። ውሻ ያላችሁ ሰዎች፣ ለጉዞ ብላችሁ እንኳ ይዛችሁ አትሂዱ።

ስንመለስ ሽማግሌው ሳሩን እየነካኩ አወሩን። ጓሳ የሳሩ ስም ነው፤ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ለዝናብ ገሣ ይሠራበታል። አያቶቻቸው ሜዳውን ለተወሰኑ ዓመታት ዘግተው፣ ሳሩ ሲደርስ በአንድ ቀን ከፍተው፣ የተፈቀደለት ሰው ብቻ እንዲያጭድ ያደርጉ ነበር። ይህ ደንብ ከ400 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው ይባላል፤ መብቱም አስቦና ጌራ ከሚባሉት አቅኚ አባቶች የወረደ ነው። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲመጣ ደንቡ ፈረሰ። «ያን ጊዜ ያገኘ ሁሉ አጨደ» አሉ። በኋላ ሕዝቡ ተሰብስቦ በሌላ መልክ ጥበቃውን መለሰው። እኛ ለአልጋውና ለአስጎብኚው የከፈልነው ብርም ወደዚያው ነው የሚገባው። ስለዚህ ያለ አስጎብኚ በራሳችን እንዞራለን ብላችሁ አትከራከሩ። እኔ ብቻዬን ብሆን ኖሮ ቀበሮዋን አላይም ነበር።

ከልጅ ጋር ለምትሄዱ አንድ ነገር ልጨምር። ልጄ የመጀመሪያውን ግማሽ ቀን አልቅሳለች፤ ስልኳ ኔትወርክ አልያዘም፣ ባትሪውም አለቀ። የእጅ ባትሪና ፓወር ባንክ ያዙ፣ ለልጆቹ ደግሞ ደብተርና እርሳስ። ልጄ የጅባራውን ቅጠል ስትሥል ነው የተረጋጋችው። ማታ ደግሞ ሰማዩን አሳዩአቸው። ሁለተኛው ሌሊት ጉም አልነበረም፤ ኮከቡ እንደዚያ ሲበዛ አይቼ አላውቅም፣ ደሴም መብራት ሲጠፋ እንኳ እንደዚያ አይደለም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሳሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ፣ በረንዳ ላይ የተውነው ጀሪካን አፉ በረዶ ይዞ አገኘነው። ቡና አፍልተን እስከ በረካ ጠጣን፣ ጎረቤቴ ዱዓ አደረገች፣ ሽማግሌው መረቁን። 2 ሰዓት ላይ ተነሳን። ከዚያ አትዘግዩ። ከሰዓት በኋላ ጣርማበር ላይ ጉም ከወረደ ሹፌሩ የፊቱን አያይም፣ ቁልቁለቱ ደግሞ ረዥም ነው። እኛ ዋሻውን በጠራ ሰማይ አለፍን። ሸዋ ሮቢት ላይ ሁላችንም ጃኬታችንን አወለቅን። ልጄ ብቻ አዲሱን ባና ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ በዚያ ሙቀት፣ ከሚሴ እስክንደርስ አልለቅም አለች።